የስንዱ ፎርምና የቦያችን ሕግ

ይህን የምጽፍላችሁ ጓሮዬ ካለችው ማንጎ ሥር ተቀምጬ ነው። ጽሕፈቴ አዝጋሚ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልማሳ ሆኜ፣ በሬ ከፈታሁ በኋላ ነው። እኔ አንድ መስመር እስክጨርስ እናንተ ሻይ ጠጥታችሁ ብትመለሱ እዚያው ታገኙኛላችሁ። የምቸኩልበትም የለኝ። ሰው የሚቸኩለው የሚጠብቀው ሲኖር ነው፤ እኔን የሚጠብቀኝ ስልክ ብቻ ነው፣ እሱም እሑድ እሑድ።

ላጫውታችሁ ያሰብኩት ስለ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። «አንቱ ደግሞ ስለ ዩኒቨርሲቲ ምን አገባዎት?» የሚል አይጠፋም። አገባኝ እንጂ! ልጄ ስንዱ የምታጠናውን የመረጥኩላት እኔ ነኝ። ማለቴ እሷ ናት የመረጠችው። ማለቴ እኔ ልመርጥላት ስል እሷ... ቆይ፣ ነገሩ ከቦያችን ካልተጀመረ አይገባችሁም።

እኔ ከጎልማሳነቴ ጀምሮ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ የውሃ አባት ነበርኩ። የውሃ አባት ማለት ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈውን ውሃ በቦይ እየመራ ለየማሳው በተራ የሚያደርስ ሰው ነው። ደመወዝ የለውም፤ ስድብ ግን እንደ ልብ ነው። ማሳዎቹ ቁጥር አላቸው። ለወንዙ የሚቀርበው፣ የቦዩ ራስ የምንለው፣ አንድ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ሁለት፣ እንዲህ እያለ ቦዩ እስኪያልቅ። የኛ ቦይ አሥር ማሳ ነበረው። አሁን ይህችን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ፤ በኛ ቦይ መጠጣት የሚጀምረው አንድ ቁጥር አይደለም፣ አሥር ቁጥር ነው። ጭራው። ከወንዙ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ከጀመረ መጥገብ አያውቅም፤ ጭራው ላይ ያለው ሽንኩርት ቆሞ ይጠበሳል። ስለዚህ የጥንቶቹ «ጭራ ቀድሞ ይጠጣ» ብለው ደነገጉ። ውሃው የመጨረሻው ማሳ ሲገባ ባለማሳው እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ደረሰ!» ብሎ ይጮኻል። ጩኸቱ ከማሳ ማሳ እየተቀባበለ እኔ ዘንድ፣ ጠለፋው ድረስ ይመጣል። ያን ጊዜ አካፋዬን ተደግፌ እፎይ እላለሁ። በዕድሜዬ ሙሉ ከዚያች ቃል የጣመኝ ነገር ጥቂት ነው።

ወደ ስንዱ ልምጣ። ከሦስት ወንዶች ወዲያ ያገኘናት ማሟጠጫ ናት። እናቷ ስታርፍ ገና የወተት ጥርሷ አልወለቀም። ወንዶቹ ክንፍ ሲያወጡ አንዱ አዳማ፣ አንዱ ጅቡቲ፣ አንዱ ሑመራ በረሩና እኔና እሷ ቀረን። እዚህ ላይ የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። በዚህ አገር እኔን «አንተ» የሚለኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። እኩዮቼ አልቀዋል። ታናናሾቼ ጋሼ ይሉኛል፣ የሰፈሩ ልጅ አባባ ይለኛል፣ ቄሱ ሳይቀሩ አንቱ ይሉኛል። ክብር ነው፣ አልጠላሁም። ግን ቀኑን ሙሉ አንቱ ሲባል የዋለ ሰው ቤቱ ሲገባ የክት ልብሱን ማውለቅ ያምረዋል። ስንዱ «አባዬ፣ አንተ ደግሞ ጫማህን ሁልጊዜ መሃል ቤት ነው የምትጥለው!» ብላ ስትቆጣኝ ነበር እኔ ልብሴን የማወልቀው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ መምህራቸው «የምታጠኑትን ከመምረጣችሁ በፊት የሕይወት እቅድ ጻፉ» አላቸው። በዚያ ዘመን እቅድ የሌለው ነገር አልነበረም። ወረዳው እቅድ ነበረው፣ ቀበሌው እቅድ ነበረው፣ የዶሮ አርቢዎች ማኅበር እቅድ ነበረው፤ ያለ እቅድ ትጥል የነበረችው ዶሮዋ ብቻ ናት። ስንዱም በደብተሯ ጻፈች። ደብተሩን ሰጥታኝ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። አራተኛው ዓመት ላይ ምርቃት አለ። አምስተኛው ላይ ሥራ። ሰባተኛው ላይ ሁለተኛ ዲግሪ። አሥረኛው ላይ «የራሴን የቁፋሮ ቡድን መምራት» ይላል። ገጹን ገለበጥኩት፤ ወዲያ ማዶም ፈለግሁ።

«ስንዱ፣ እኔ ስንተኛው ዓመት ላይ ነኝ?» አልኳት።

«አባዬ! አንተ እቅድ ነህ እንዴ? አንተማ አለህ።»

አለህ። ወንዙም አለ። የጣርማ በር ተራራም አለ። ያለ ነገር እቅድ ውስጥ አይገባም፤ ዝም ብሎ ይኖራል።

የቁፋሮው ነገር ከየት መጣ ብትሉ የኔው ጥፋት ነው። ቀደም ባለው ዓመት ለቀበሌያችን ጉድጓድ ሊቆፍሩ መኪና ይዘው መጡና የውሃ አባት ነው ብለው እኔን ጠየቁኝ። ሾላው ሥር፣ ሣሩ የለመለመበት ላይ ቆሜ በከዘራዬ መሬቱን መታሁና «እዚህ!» አልኩ። ቆፈሩ። ድንጋይ ወጣ። ደግመው ቆፈሩ። የድንጋዩ ወንድም ወጣ። በሦስተኛው ቀን ባርኔጣ የደፋች አንዲት ወጣት ሴት ከአዲስ አበባ መጣች። ግማሽ ቀን ያህል ዞረች፤ ስንዱ የሜትሩን ጫፍ ይዛላት ተከተለቻት። ከዚያ ፍየል እንኳ የማይቆምበት የግራር ቁጥቋጦ መሃል ሄደችና «እዚህ» አለች፣ ያውም ሳትጮህ። ውሃው የወጣው ሰው እያራጨ ነው። አገር እልል ሲል እኔም አብሬ እልል አልኩ፤ ከዘራዬን ግን ከጀርባዬ ደብቄ ነበር። ስንዱ ያን ዕለት ሴትዮዋን «ምን ተምረሽ ነው?» አለቻት። «ጂኦሎጂ» አለቻት። አለቀ።

«ጂኦሎጂ ምንድነው?» ብዬ ስጠይቃት «ስለ ድንጋይና ስለ መሬት ሆድ ነው» አለችኝ። ድንጋይ! እኛ ከማሳ ስንለቅም ወገባችን የተቆረጠውን ነገር እሷ ልትማረው ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ድንጋይ ያለው በሁሉ አገር ነው። የድንጋይ ተማሪ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም።

እኔም በልቤ እቅድ ነደፍኩ። በደብተር አልጻፍኩትም፤ ክፉ እቅድ አይጻፍም። እቅዴ ከተማችንን ሸዋ ሮቢትን የማያስለቅቅ ትምህርት መፈለግ ነበር።

መጀመሪያ ያማከርኩት ጎረቤቴን እንድሪስን ነው። እንድሪስ ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ በዕድሜ ያንሰኛል፣ በምላስ ይበልጠኛል።

«ወላሂ ጋሼ» አለኝ፣ «ልጅና ሽንኩርት አንድ ነው። ጊዜው ሲደርስ ካልጫኑት እቤት ውስጥ አቆጥቁጦ ይበላሻል።»

«ከጫንከው ሽንኩርት ስንቱ ተመልሶ መጣ?»

«ሽንኩርት ይመለሳል እንዴ ጋሼ?»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው።»

ከእሱ ተለይቼ ወደ እርሻ ጽሕፈት ቤት በባጃጅ ሄድኩ። የባጃጁ ነጂ ቁመናው ጨዋ ነው። ወሬ ስጀምር ማኔጅመንት ተምሮ የተመረቀ መሆኑን ነገረኝ።

«ምን ማለት ነው ልጄ?»

«ማስተዳደር ማለት ነው አባባ።»

«እና ምን ታስተዳድራለህ?»

«ሦስት ጎማ» አለኝ፤ ሳቅን። ስወርድ ግን የሱም አባት አንድ ቦታ ፎርም አስሞልቶ ይሆናል አልኩ።

የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ «ባለሙያ ሞልቶ አይደለም ጋሼ፣ የሚመጣው ሁሉ ሙቀቱን ፈርቶ ዝውውር ይጠይቃል» አለኝ። ደስ አለኝ። የኔ ልጅ ሙቀቱ ውስጥ ነው የተወለደችው! እጽዋት ሳይንስ ብታጠና እዚህ ትቀጠራለች፣ ምሳዋን ቤት ትበላለች። ርቀቱን ግን ማረጋገጥ ነበረብኝ። በርምጃ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት፤ ሙቀቱ እያሳተኝ ሦስት የተለያየ ቁጥር መጣልኝ። ስለዚህ ከቤት ስጣራ ይሰማት እንደሆነ በድምፅ ለመለካት ወሰንኩ። በማግስቱ እንድሪስን ጓሮዬ አቆምኩትና «እኔ ጽሕፈት ቤቱ በር ስደርስ ስንዱ ብለህ ተጣራ» አልኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም።

እንድሪስ ገበያ ያሠለጠነው ጉሮሮ ነው ያለው። ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጥርት ብሎ ተሰማኝ፤ «ስንዱ! ስንዱዬ! ስንዱ ሆይ!» ለካ እኔ አንዴ ብዬው እሱ ምርቃት ጨምሯል። ጎረቤት ሁሉ እሳት የተነሣ መስሎት ጄሪካን ይዞ ወጣ። እሳት ሲያጡ «ታዲያ ስንዱ ጠፋች ማለት ነው» አሉ። ሁለት ጎረምሶች ወንዝ ለወንዝ ሊፈልጓት ሮጡ። እኔ ቤት እስክመለስ ወሬው ትምህርት ቤት ደረሰና ስንዱ ራሷ ላብ በላብ ሆና መጣች።

«ማነው የጠፋው?» አለች።

«አንቺ» አላት እንድሪስ።

ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ አንተ ምን እየሠራህ ነው?»

«እንድሪስ ጉሮሮውን አሞት እየሞከረው ነው» አልኳት። እንድሪስ ወዳጅ ነውና ወዲያው ሳለ።

እንግዲህ የትምህርት መምረጫው ፎርም ዓርብ ዕለት ቤት መጣ። ሰኞ መመለስ አለበት። አሥር የትምህርት ዓይነት ተደርድሯል፤ ፊት ለፊታቸው ቁጥር የሚጻፍበት ባዶ ሣጥን አለ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ስንዱ ለኔ ብላ በየአጠገቡ በእርሳስ አማርኛውን ጽፋበታለች። ቅዳሜ ልትሞላው ብዕር ስታነሣ እጇ ተንቀጠቀጠ። ወባ። የኛ አገር ወባ ቀጠሮ ታውቃለች፤ ሠርግ፣ ፈተናና ፎርም አያመልጣትም። ጤና ጣቢያ ወስጃት መድኃኒት ሰጧት። እሑድ ከሰዓት ግን ትኩሳቱ አልለቀቃትም ነበር፤ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው የምታወራኝ።

«አባዬ፣ አንተ ሙላልኝ። ጂኦሎጂ ይቅደም። ከዚያ የውሃ ምህንድስና። ከዚያ...» እያለች በተራ ነገረችኝ። «እጽዋት ሳይንስ የመጨረሻ መጨረሻ።»

ብዕሩን ያዝኩ። አሁን ያቺን ልብ በሉልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ። ጂኦሎጂ ይቅደም ካለች አሥር ቁጥር ነው የሚገባው፤ ጭራ ቀድሞ ይጠጣልና። ሐቀኛ አባት አሥር ብሎ ይጽፍላት ነበር። እኔ ግን ዞር ብዬ አየኋት፤ ዓይኗ ተከድኗል። እጄም ጂኦሎጂ ላይ አንድ ብሎ ጻፈ። አንድ ቁጥር! ዘጠኙ ጠጥቶ ሲጨርስ የሚደርሰው! እጽዋት ሳይንስ ላይ ደግሞ አሥር ብዬ ጻፍኩ፤ በመጀመሪያ ውሃ ጠጥቶ እንዲለመልም። በሕይወቴ የማንንም ተራ ሰርቄ አላውቅም ነበር። ሰው በወንዙ ውሃ በከዘራ ሲፈነካከት እንኳ እኔ ተራ አላዛባሁም። ያን ዕለት የልጄን ተራ ሰረቅሁ።

«እንዳልኩህ ጻፍከው?» አለችኝ።

«እንዳልሽኝ» አልኩ። ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ አደረግሁላት። «እግዜር ይስጥህ» አለችኝ፤ ያችን ምርቃት የት እንደማስገባት ጠፋኝ።

ሰኞ ፎርሙን ራሴ ወሰድኩ። መምህሩ አየው፣ መነጽሩን አስተካክሎ እኔን አየኝ። «ጋሼ፣ ጂኦሎጂ አንድ፣ እጽዋት ሳይንስ አሥር። ልጅቷ በደብተሯ እንዳቀደችው ነው። እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ፤ በሆዴ ደግሞ ምስኪን፣ ተምሮም የውሃ ሕግ አያውቅም እያልኩ።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በወላጆች ስብሰባ ቀን መምህሩ ስሜን ጠርቶ አስቆመኝ። «ብዙዎቻችሁ የልጆቻችሁን ምርጫ አስለውጣችኋል። እኚህን አባት ተመልከቱ። ብቸኛ ናቸው፤ ልጃቸው እንድትቀርላቸው የማይፈልጉ ይመስላችኋል? ግን ቃሏን ሳያጓድሉ ጻፉላት!» አዳራሹ አጨበጨበ። ከኋላዬ አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች። ሌባ በሰረቀው ዕቃ ሲሸለም አይታችሁ ካላወቃችሁ ያን ቀን እኔን ማየት ነበረባችሁ፤ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ምደባው ተለጠፈ። ስንዱ ማሾ ሳበጥር አገኘችኝና ሰፌዱን ከነማሾው አስጥላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ! ጂኦሎጂ! ጂኦሎጂ ደረሰኝ!»

«አይሆንም» አልኩ። «ተሳስተዋል።»

«የምን ስህተት? መጀመሪያ የመረጥኩት እኮ ነው!»

ማሾውን መሬት ላይ ትቼ ወደ መምህሩ ሮጥኩ። የሮጥኩት ይመስለኛል፤ እንድሪስ ግን «ያው ሲሄዱ ነው ያየኋቸው» ይላል። «መምህር!» አልኩ እያለከለክሁ፣ «ተራው ተዛብቷል! ከራሱ ጀምረው ነው ያጠጡት! ጭራው ደርቆ ቀረ!»

መምህሩ አበድኩ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ። ተቀምጬ የቦያችንን ሕግ አስረዳሁት፤ ከማን መደበቅ እንዳለብኝ እንኳ ረስቼ ያደረግሁትን ሁሉ ዘረገፍኩ። ሲስቅ መነጽሩ ወለቀ።

«ጋሼ፣ አንድ ማለት እኮ አንደኛ ነው።»

«የት ነው የተደነገገው?»

«ዓለም ላይ ሁሉ።»

«እኛ ቦይ ላይ አይደለም» አልኩት። ሳቁን ሲጨርስ መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ለማንም አልናገርም» አለኝ፣ ቃሉንም ጠበቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ ግን ለመጣል ብዬ ቆጡ ላይ ያስቀመጥኩላት ሰው ነኝ።

ስንዱን መናኸሪያ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ወደ ደብረ ሲና መውጣት ሲጀምር እያነሰ እያነሰ ሄደ። የጣርማ በር የመኪና ዋሻ እኛ ካለንበት አይታይም፤ እኔ ግን አፉን ከፍቶ ሲውጣት አየሁት።

ተማረች፣ ተመረቀች፣ ሥራም ያዘች፤ እቅዷ ከወረዳው እቅድ ይልቅ ተፈጸመ። አሁን ቦረና፣ ከብት በጥም በሚያልቅበት አገር ውሃ ትፈልጋለች። ባርኔጣም ደፍታለች አሉ። እኔ ዘንድ ደግሞ ጸጥታ ነው። ጫማዬን የትም እጥላለሁ። አንዳንዴ ሆን ብዬ መሃል ቤት አጋድመዋለሁ፣ ምናልባት ቤቱ ይቆጣኝ እንደሆነ። ጠዋት እዚያው አገኘዋለሁ። በእርሻ ጽሕፈት ቤቱ በር ሳልፍ ዘበኛው «ልጅዎ መቼ ነው የሚቀጠሩት?» ይለኛል። «ተራዋ አልደረሰም» እለዋለሁ።

እሑድ ትደውላለች። እሷ ያለችበት ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታ ወጥተው ነው። ለወንድሞቿ በዕድሜያቸው ተራ ትደውልላቸዋለች፤ ለኔ መጨረሻ፣ ከኔ ጋር ረዘም አድርጋ ታወራለችና። ግን ወንዶቹ ወሬ አያልቅባቸውም፤ እኔ ዘንድ ስትደርስ ባትሪው ሊያልቅ አፋፍ ላይ ነው። የቦዩ ራስ ጠጥቶ ጭራው ደረቀ። ለማን ልክሰስ? እኔ ራሴ ነኝ የዚህ ዳኛ።

ባለፈው ጊዜ ስትደውል «አባዬ፣ እዚህ አንዲት የሥራ ባልደረባ አለችኝ፣ አባቷ ያለ ፍላጎቷ ሕግ አስጠንቷት እስከ ዛሬ ታለቅሳለች። እኔ ስላንተ ስነግራት ትቀናለች» አለችኝ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «ስንዱ፣ አታስቀኛት» አልኳት። «እኔ ሌባ ነኝ። ያን ቀን እንዳትሄጂብኝ ብዬ ሆን ብዬ ነው ያጣመምኩት።» ከዚያ ስለ ቦዩ፣ ስለ አንድና ስለ አሥር፣ ጭራው ለምን እንደሚቀድም፣ ስለ ጭብጨባው ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ «ተቀየምሽኝ?» አልኩ። ዝም። «ስንዱ?» ዝም። ስልኩን ከጆሮዬ አውርጄ ሳየው መስመሩ ተቆርጧል።

ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። የቱ ላይ ነው የተቆረጠው? «ሌባ ነኝ» ላይ ከሆነ ተበላሸሁ። «ሆን ብዬ» ላይ ከሆነ ደግሞ ባሰ። «ጭራ ቀድሞ» እስከሚለው ከሰማች ግን ምናልባት... ማሾ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመርኩ። ብቻዬን ስለሆንኩ ብቻዬን በላሁት።

በዛሬው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወርድ ስልኩ ጮኸ። ገና ረፋድ ነው፤ የሷ ሰዓት አይደለም።

«አባዬ።»

«እንዴ፣ ወንድሞችሽን በዚህ ጠዋት ጨርሰሽ?»

«አልጀመርኳቸውም» አለች። ኮረብታው ላይ ያለው ነፋስ ይሰማኛል። «ካሁን በኋላ ከጭራ ነው የምጀምረው።»

 ማንጎዋን ተደግፌ ቆምኩ።

«አባዬ? አንተ፣ ይሰማሃል? አንተ! ደረሰህ ወይስ አልደረሰህም?»

እጄን አፌ ላይ አደረግሁና፣ እንደ ዱሮው፣ ወንዙ ድረስ እንዲሰማ አድርጌ «ደረሰ!» ብዬ ጮኽኩ።

እንድሪስ ጄሪካን አንጠልጥሎ በአጥሩ ብቅ አለ።

«ደግሞ ማን ጠፋ ጋሼ?»

«ማንም አልጠፋም» አልኩት።